አሥራ ስድስት ላይ የሚሰማ ሰው

አባያ ሐይቅ፣ ነፋስ የተነሣበት ከሰዓት በኋላ፤ ዘነበች ዳና በወደቡ የሬዲዮ ክፍል ናት፣ የባሏ አባት ካፒቴን ሻንቆ ዛሌ ደግሞ ከደሴቱ ሰው አሳፍራ ሐይቁ መሃል በቆመችው «ንጋት» ጀልባ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሬዲዮ ብቻ ነው።

ሻንቆ፦ አይሆንም አልኩሽ! «ፓን ፓን» ብያለሁ፣ እሱ ይበቃል። ምጥ የያዛት ሴት ጭኛለሁ፣ አምቡላንስ ይቁምልኝ ነው ያልኩት። ቆመ ወይስ አልቆመም?

ዘነበች፦ ከቆመ ቆየ። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ እያለ «የት ደረሱ?» ይለኛል። ምን ልበለው? የሞተርዎ ድምፅ አይሰማኝም፣ ካፒቴን።

ሻንቆ፦ አርፏል።

ዘነበች፦ ሞተር ሐይቅ መሃል ያርፋል እንዴ?

ሻንቆ፦ እኔን መስሎ አርጅቷል። ቡልቻ ላዩ ላይ ተኝቶ እየቀጠቀጠው ነው። እንደሱ ያለ መካኒክ ካለ ይነሣል።

ዘነበች፦ ውሃስ?

ሻንቆ፦ የምን ውሃ?

ዘነበች፦ አባባ፣ የሳፋና የጀሪካን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ሰው ውሃ እየቀዳ ሲደፋ ይሰማኛል።

ሻንቆ፦ የእንጨት ጀልባ አይደለች? ሁልጊዜም ትንሽ ትንሽ ትጠጣለች።

ዘነበች፦ እርስዎም «ትንሽ ቦርዴ ቀመስኩ» ሲሉ ጋኑ ተገልብጦ ነው የሚገኘው። እስከ የት ደርሷል?

ሻንቆ፦ እስከ ቁርጭምጭሚት።

ዘነበች፦ የማን ቁርጭምጭሚት?

ሻንቆ፦ አንቺ ልጅ፣ ሬዲዮ ክፍል ነው ወይስ ፖሊስ ጣቢያ የቀጠሩሽ?

ዘነበች፦ የማን?

ሻንቆ፦ የረዥም ሰው። ለአጭሩ ጉልበቱ ጋ ነው።

ዘነበች፦ እንግዲያው ቃሉን ይቀይሩ። ፓን ፓን ማለት «ተቸግሬያለሁ፣ ግን በእግሬ ቆሜያለሁ» ማለት ነው። የሰማው ሁሉ «እግዜር ይርዳው» ይልና ሥራውን ይቀጥላል። ሜይዴይ ግን...

ሻንቆ፦ አስተማሪ ሆንሽብኝ! ይህን ሬዲዮ ስይዝ አንቺ ገና አልተወለድሽም።

ዘነበች፦ ሜይዴይ ግን «እየሞትን ነው፣ ድረሱልን» ማለት ነው። መረብ የጣለ መረቡን ቆርጦ፣ ገበያ የሚሄድ ገበያውን ትቶ ይመጣል። ሰምቶ መቅረት አይችልም፤ ግዴታው ነው።

ሻንቆ፦ ለዚህ እኮ ነው የማልለው።

ዘነበች፦ ለየትኛው?

ሻንቆ፦ ለ... ሰው ይደነግጣል። እዚህ ያለው ግማሹ ዋና አያውቅም። «እየሞትን ነው» ብዬ ብጮህ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሮጣል። ያኔ ውሃው ሳይሆን ድንጋጤው ይገለብጠናል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ዘነበች፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ደግሞስ እዚያ ከተሳፈሩት ውስጥ ሜይዴይ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ማን አለ? የቃሉ ጥሩነት እሱ አይደል? የሚያስደነግጠው ሬዲዮ የያዘውን ብቻ ነው።

ሻንቆ፦ ምጥ የያዛት ሴት እናት አጠገቤ ናቸው። ስትደጋግሚው ሰምተው «ሜዴ ማነው?» አሉኝ።

ዘነበች፦ ምን አሏቸው?

ሻንቆ፦ «የወደቡ ኃላፊ ነው፣ ሰላምታ ልኮልዎታል» አልኳቸው። «አሜን፣ ጎሽ የኔ ልጅ፣ ፀልይልን በለው» አሉ።

ዘነበች፦ አባባ፣ በዚህ ሰዓት አይቀልዱ።

ሻንቆ፦ እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃው ነው፣ እኔ አይደለሁም። እሺ፣ እንዳልሽው ልበል። ሜይዴይ ብዬ ልጩህ። ማን ይመጣል? የወደቡ ነፍስ አድን ጀልባ?

ዘነበች፦ ሞተሩ ለጥገና ከወጣ አልተመለሰም። ያውቁታል።

ሻንቆ፦ አውቃለሁ። ከአንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው። ከብት የሚጭነው ትልቁ ጀልባስ?

ዘነበች፦ ወዲያኛው ዳርቻ ነው። ጠርቼዋለሁ። አሁን ቢነሣ እንኳ ሳይመሽ አይደርስልዎትም።

ሻንቆ፦ ሄሊኮፕተር የሚባል ነገርስ? በቴሌቪዥን የምናየው?

ዘነበች፦ ደውያለሁ። «ለበላይ እናሳውቃለን» አሉኝ።

ሻንቆ፦ ላም አለኝ በሰማይ። ታዲያ ለማን ልጩህ? ለአዞዎቹ? እነሱ ሳይጠሩም ይመጣሉ።

ዘነበች፦ አንድ ሰው ይቀራል።

ሻንቆ፦ የለም።

ዘነበች፦ አለ፣ አባባ።

ሻንቆ፦ የለም አልኩሽ! ስሙን እንዳትጠሪ!

ዘነበች፦ ብጠራውም ባልጠራውም ያለበት አለ። ነፋሱ ሲነሣ መረቡን ሰብስቦ ኮረብታ የከበበው ገባ ያለው ውሃ ውስጥ ተጠግቷል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ካምፕ ነው። ሬዲዮው ክፍት ነው። እንደ ሁሉም ሰው የአደጋ ጥሪ የሚሰማበት ቻናል አሥራ ስድስት ላይ እያዳመጠ ነው።

ሻንቆ፦ በምን አወቅሽ?

ዘነበች፦ ባሌ አይደል? ባትሪውን ሞልቼ ኪሱ የከተትኩት እኔ ነኝ። ቅድም «ደኅና ነኝ፣ ከነፋሱ ተከልያለሁ» ብሎኛል።

ሻንቆ፦ ስለ እኔ ጠየቀ?

ዘነበች፦ «አባባ ዛሬ ወጥተዋል?» አለኝ። የዚያን ጊዜ ገና ፓን ፓን አላሉም ነበር። «ወጥተዋል፣ እየተመለሱ ነው» አልኩት።

ሻንቆ፦ ደግ አደረግሽ። እንደዚያ እያሰበ ይቀመጥ። የእኔን ድምፅ ኮረብታው ይጋርደዋል፣ እሱ ጋ አይደርስም። እኔና አንቺ ደግሞ ከፓን ፓኑ በኋላ ወደ ቻናል ስድስት ወርደናል፤ እዚህ የሚሰማን የለም። ካልነገርሽው አያውቅም።

ዘነበች፦ ለካ ለዚህ ነው! እኔ ደግሞ ሕዝቡ እንዳይደነግጥ መስሎኝ።

ሻንቆ፦ ሁለቱም ነው።

ዘነበች፦ አንዱ ነው፣ አባባ። እኔን አያታልሉኝ።

ሻንቆ፦ ቢሆንስ? የጌዴዎንን ጀልባ አታውቂያትም? መረብ ሊጣልባት እንጂ ይህን ማዕበል ልትሻገር ነው የተሠራችው? እኔ በዚህች ትልቅ ጀልባ ያልቻልኩትን እሱ በዚያች ሳህን ይችለዋል? ያለኝ እሱ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

ዘነበች፦ እዚያ ጀልባ ላይ ያለው ሁሉ የአንድ ሰው ዓይን ነው።

ሻንቆ፦ ንግግር ማሳመር ቀላል ነው። ባልሽ ነው! ልጅሽ ገና ጡት አልጣለችም። ምን ሆነሽ ነው አንቺ? እኔ ላትርፍልሽ ስል አንቺ ትሰጪያለሽ?

ዘነበች፦ እንደዚህ አይበሉኝ።

ሻንቆ፦ ምን ልበል ታዲያ?

ዘነበች፦ ሲሰሙኝ ደፋር መስያለሁ? እዚህ ወንበር ላይ ተጣብቄ ነው ያለሁት። አንዱ እጄ የቻናሉ መቀየሪያ ላይ ነው፤ ከቅድም ጀምሮ እዚያው ነው። አላዞርኩትም። ማዞር እችላለሁ። ደንቡ ይፈቅድልኛል። የተቸገረው መጥራት ካልቻለ ያወቀው ይጥራለት ይላል።

ሻንቆ፦ እኔ መጥራት እችላለሁ። እምቢ ያልኩ ነኝ። ደንብሽ ስለ እምቢተኛ ምን ይላል?

ዘነበች፦ ስለ እምቢተኛ ያስተማረን የለም።

ሻንቆ፦ እንግዲያው ካፒቴኑ እኔ ነኝ። ቃሉ ከእኔ አፍ እስኪወጣ ጠብቂ።

ዘነበች፦ እየጠበቅኩ ነው። ለምን እንደምጠብቅም ልንገርዎት። እኔ በራሴ ከጠራሁት ባሌን የላክሁት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ቢሆን ለልጄ «አባትሽን እኔ ነኝ የላክሁት» ነው የምላት። እርስዎ ከጠሩ ግን እኔ አስተላላፊ ነኝ። መልእክት አድራሽ። ይኸው ነው ድፍረቴ።

ሻንቆ፦ ሰማሁሽ። እኔም የምሸሸው ይህንኑ ነው፣ ልጄ። ሁለታችንም አንዱን ድንጋይ ወዲያና ወዲህ እንገፋለን።

ዘነበች፦ እስከዚያ ውሃው ከፍ ይላል።

ሻንቆ፦ ቡልቻ ሞተሩን አንዴ አስነሥቶት ነበር። ሳለና ጠፋ። እንደገና ይሞክራል። ትንሽ ታገሺኝ። ነፋሱም ሲመሽ ይበርዳል።

ዘነበች፦ ሲመሽ? ውሃው ረዥሙ ሰው ላይ አሁን የት ጋ ደረሰ?

ሻንቆ፦ ጉልበቱን አልፏል። ሴቶቹን ወንበር ላይ አውጥቻቸዋለሁ። ምጥ የያዛትን ሴት የጫንነው የሙዝ ጆንያ ላይ አስተኝተናታል። እናቷ ጥላ ይዘውላታል፤ ዝናብ እንኳ የለም፣ ከማዕበሉ ሊያስጥሏት ነው። ቆይ... ቡልቻ! ቡልቻ፣ ያዝ! አንተ ያዝ፣ በገመዱ...!

ዘነበች፦ አባባ? ምንድን ነው? አባባ!

ሻንቆ፦ ገመዱን ወርውሩለት! ወዲያ አይደለም፣ በዚህ! በዚህ በኩል!

ዘነበች፦ ንጋት፣ እዚህ ወደብ ነው። ይመልሱልኝ። ንጋት!

ሻንቆ፦ ...

ዘነበች፦ ንጋት! አባባ!

ሻንቆ፦ ቡልቻን ወሰደው።

ዘነበች፦ ምን?

ሻንቆ፦ ለትንፋሽ ብሎ ነው የወጣው። የሞተሩ ጭስ አፍኖት፣ «አንዴ አየር ልሳብና እመለሳለሁ» አለኝ። ማዕበሉ ከጎን መጣና... እጁን አየሁት፤ መፍቻውን እንደያዘ ነው። ከዚያ አላየሁትም። ቀይ ውሃ ነው፣ አንድ ክንድ ታች አያሳይም።

ዘነበች፦ ይፈልጉት...

ሻንቆ፦ በምን? በምን ልፈልገው? ሞተር የለኝ፣ መሪው አይታዘዘኝ! ... እናቱ ቅድም ስንነሣ እዚያ ደሴቱ ላይ ቆመው ነበር። «ሻንቆ፣ ልጄን አደራ፣ ምሳ አልበላም» አሉኝ። ሳቅሁባቸው። ፂም ያወጣ ሰውዬ ምሳ አልበላም ተብሎ አደራ ይባላል ብዬ ሳቅሁ። ለእሳቸው ምን እላለሁ? ልጄን ደብቄ ልጅዎን አስበላሁ ልበላቸው?

ዘነበች፦ አባባ...

ሻንቆ፦ ዝም በይ። ዝም በይና ጻፊ። ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ። ይህ ንጋት ነው፣ ንጋት፣ ንጋት። ሜይዴይ፣ ንጋት። ያለሁት በደሴቱና በወደቡ መካከል፣ ከኮረብታው ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። ነፋሱ ወደ ሰፊው ውሃ እየገፋኝ ነው። ሞተር የለኝም። እየሰመጥኩ ነው። አንድ ሰው ውሃ ወስዶብኛል። የቀረነው ከሠላሳ በላይ ነፍስ ነን፤ ሕፃናት አሉ፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት አለች። የነፍስ አድን ጃኬት ለግማሻችን እንኳ አይደርስም። በአስቸኳይ ድረሱልኝ። አበቃሁ፣ ኦቨር።

ዘነበች፦ ንጋት፣ ንጋት፣ ንጋት። እዚህ ወደብ ነው። ሜይዴይ ተቀብያለሁ።

ሻንቆ፦ በይ አሁን ሂጂ። ስትነግሪው ድምፅሽ አይንቀጥቀጥ፤ ከተንቀጠቀጠ ያለ ልክ ይፈጥናል።

ዘነበች፦ ወደ አሥራ ስድስት እሻገራለሁ፣ አስተላልፌ እመለሳለሁ። ሬዲዮውን ከእጅዎ አይልቀቁት።

ሻንቆ፦ የት እጥለዋለሁ? ... ዘኒ? ... ገና ነሽ? ... እማማ፣ ይቀመጡ፤ እሱ ሰውዬ ተልኮበታል፣ ይመጣል... አዎ፣ ሜዴ ራሱ... ዘኒ፣ ተመልሰሻል?

ዘነበች፦ ተመልሻለሁ።

ሻንቆ፦ ሰማ?

ዘነበች፦ ሰማ።

ሻንቆ፦ ምን አለ?

ዘነበች፦ «ሜይዴይ ተቀብያለሁ፣ እነሣለሁ» አለ።

ሻንቆ፦ ሌላስ?

ዘነበች፦ ሌላ ምንም። ቦታውን ነገርኩት፣ ቃል በቃል መለሰልኝ። ከካምፑ መጋዘን የነፍስ አድን ጃኬቶቹን በሙሉ ጭኖ ነው የሚወጣው።

ሻንቆ፦ የኔ ጀልባ መሆኗን አወቀ?

ዘነበች፦ ስሟን ሦስት ጊዜ ነው የምንጠራው፤ በመጀመሪያው ገባው።

ሻንቆ፦ አንቺስ እንደ ሚስት አንድ ቃል አላልሽውም?

ዘነበች፦ ሜይዴይ ባለበት መስመር ላይ ሌላ ወሬ አይወራም።

ሻንቆ፦ ማን ይከስሽ ነበር? «ጌዴ» ብትይው ምን ነበረበት?

ዘነበች፦ ስሙን ከጠራሁ ቀጥሎ ከአፌ የሚወጣው «አትሂድ» እንዳይሆን ፈራሁ።

ሻንቆ፦ ... እኔን! እኔን ልጄን።

ዘነበች፦ ይተዉት። አሁን ሥራ እንሥራ። ባዶ ጀሪካን አለ አይደል?

ሻንቆ፦ ሞልቷል። ውሃ እየቀዱበት ነው።

ዘነበች፦ መቅጃ ሳፋው ይበቃል። ጀሪካኖቹን ክዳናቸውን ያጥብቁና ለልጆቹ በደረታቸው በኩል ይሰሩላቸው። በነጠላ፣ በመቀነት፣ ባገኙት።

ሻንቆ፦ እሺ። እናንተ፣ መቀነታችሁን ፍቱ! አዎ፣ መቀነት! ... ቀጥዪ።

ዘነበች፦ ጫማና ከባድ ልብስ የለበሰ ያውልቅ። ሁሉም መሃል መሃሉን ይቀመጥ። ጀልባው ሲመጣ ማንም ከቦታው አይነሣ፤ እርስዎ ሳይጠሩት ማንም አይንቀሳቀስ።

ሻንቆ፦ እሱን ነግሬያቸዋለሁ። የቤተ ክርስቲያናቸው አገልጋይ አብሯቸው ነው፤ መዝሙር አስጀምሮላቸዋል። የሚዘምር ሰው አይሮጥም። ይሰማሻል?

ዘነበች፦ ይሰማኛል።

ሻንቆ፦ ለቅሶ ይመስላል እንጂ መዝሙር አይመስልም። ግን ቁጭ አድርጓቸዋል። ዘኒ፣ ከካምፑ ወጣ?

ዘነበች፦ ወጥቷል። አሁን ወደ አሥራ ስድስት ዞሬ ስጠይቀው «ከኮረብታው አፍ ወጥቻለሁ» አለኝ።

ሻንቆ፦ ድምፁ እንዴት ነው?

ዘነበች፦ ይጮኻል፤ ከነፋሱ ጋር። «ማዕበሉ ከኋላዬ ነው፣ ቶሎ ያደርሰኛል» አለ።

ሻንቆ፦ ትንሽ ሆኖ ዋና ሳስተምረው ልቡ ከጉልበቱ ይቀድም ነበር። አልጨበጥ ይለኛል፤ «ልቀቀኝ፣ ልቀቀኝ» ይላል። ከለቀቅኩት በኋላ ውሃ ጠጥቶ፣ አስሎ፣ ዓይኑ ቀልቶ «ለምን ለቀቅከኝ?» ብሎ ያኮርፋል። እናቱ ነፍሷን ይማርና፣ «ሁለታችሁም አንድ ናችሁ» ትለን ነበር።

ዘነበች፦ አሁንም እንደዚያው ነው። መንገድ ስንሄድ እጁን አያስይዘኝም፤ ስለቀው ደግሞ ዞሮ ያየኛል።

ሻንቆ፦ ከዚህ ከወጣን እነግረዋለሁ፤ የሚስት እጅ እንደዚህ አይያዝም ብዬ።

ዘነበች፦ ይንገሩት።

ሻንቆ፦ ምጥ የያዛት ሴት ዝም ብላለች። ቅድም ትጮህ ነበር። አሁን ከንፈሯን ነክሳ ሰማዩን ታያለች። የእሷ ዝምታ ከጩኸቷ ይልቅ አስፈራኝ።

ዘነበች፦ እጇን ይጨብጧት። ከጨበጠችዎት ደኅና ናት።

ሻንቆ፦ እናቷ ጨብጠዋታል። ... ዘኒ፣ አሁን ደግሞ የት ደርሷል?

ዘነበች፦ ...

ሻንቆ፦ ዘነበች?

ዘነበች፦ እየጠራሁት ነው።

ሻንቆ፦ እና?

ዘነበች፦ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ይሆናል። ሬዲዮ በምን ያነሣል?

ሻንቆ፦ ስንት ጊዜ ጠራሽው?

ዘነበች፦ ደግሜ እጠራዋለሁ። ይጠብቁኝ።

ሻንቆ፦ ጥሪው። ... ጥሪው፣ ልጄ። ... ቆይ! ዘኒ! ዘኒ፣ ታየኝ!

ዘነበች፦ ምን ታየዎት?

ሻንቆ፦ ጀልባው! የጌዴ ቢጫ ጀልባ! ማዕበሉ ላይ ብቅ አለችና ወረደች... ይኸው ደግሞ! ሴቶቹም አዩዋት፣ እልል አሉ። ይሰማሻል እልልታው?

ዘነበች፦ ይሰማኛል! ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! አልመለሰልኝም ነበር፣ አባባ፤ ሦስቴ ጠርቼው አልመለሰልኝም ነበር። ፈርቼ ነው ያልነገርኩዎት።

ሻንቆ፦ አውቄያለሁ። ድምፅሽ ነግሮኛል። ቀጥታ ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ተቀመጡ! ማንም እንዳይነሣ! ተቀመጡ ብያለሁ!

ዘነበች፦ መጀመሪያ ጃኬቶቹን ይቀበሉት። ከዚያ ሕፃናቱንና ምጥ የያዛትን ሴት ያሳፍሩለት። ሁሉንም በአንዴ አይችልም፣ ይመላለሳል።

ሻንቆ፦ ...

ዘነበች፦ አባባ? ምን ያህል ቀረው?

ሻንቆ፦ በጎኑ ነው የሚመጣው።

ዘነበች፦ ምን ማለት ነው?

ሻንቆ፦ ሰው የያዘው ጀልባ በአፍንጫው ነው የሚመጣው። ይሄ በጎኑ ነው፤ ይዞራል፣ መልሶ ይዞራል። የሚያመጣው ነፋሱ ነው።

ዘነበች፦ ሞተሩ ጠፍቶበት ይሆናል። ጎንበስ ብሎ እየጎተተው፣ ገመዱን...

ሻንቆ፦ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያልኩት። አሁን ቀርቧል። ማዕበሉ ሲያዘነብለው ውስጡ ይታየኛል። ጃኬቶቹ አሉ። በገመድ እንደታሰሩ ናቸው።

ዘነበች፦ ጌዴስ?

ሻንቆ፦ ሰው የለበትም፣ ልጄ። ዙሪያውን አየሁ። ውሃውን አየሁ። ጃኬት ለብሶ እንደሆነ አላውቅም፣ ከታሰሩት አንድ ይጉደል አይጉደል ከዚህ አይታየኝም። ምንም አይታየኝም። ... ሴቶቹ ገና እልል እያሉ ነው። አልገባቸውም። ምን ልበላቸው?

ዘነበች፦ ...

ሻንቆ፦ ዘኒ፣ አንድ ነገር በይኝ። ስደቢኝም። ዝም አትበይኝ። እዚሁ ልቀመጥ ነው። ከእንግዲህ የማን ካፒቴን ነኝ?

ዘነበች፦ ንጋት፣ ንጋት፣ እዚህ ወደብ ነው። ጀልባው ይንሳፈፋል?

ሻንቆ፦ ...

ዘነበች፦ ንጋት፣ ይመልሱልኝ። ጀልባው ይንሳፈፋል?

ሻንቆ፦ ይንሳፈፋል።

ዘነበች፦ ከተንሳፈፈ ሰው ይይዛል፣ አባባ። ገመድ ይጣሉበት፣ ይሳቡትና ሰው ያሳፍሩ።